ማሽኑ ይሰማል? ስለ ቋንቋ ቴክኖሎጂ የአንድ ሰው መልቲሚዲያ ቴአትር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ተዋናይ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ከጀርባ ስክሪን። ተዋናዩ ሲናገር ማሽኑ ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፣ ይተረጉመዋል፣ ከዚያም በራሱ ድምፅ ይመልስለታል። የቋንቋ ቴክኖሎጂን የሚፈትሽ የአንድ ሰው ቴአትር በጥቅሉ ይህን ይመስላል። ሊሞክሩት የሚነሡ ሰዎች ይዘውት የሚመጡት ግምት ግን ልምምዱን ገና ከጅምሩ ያበላሻል።

«ይህ ትናንት የመጣ ፋሽን ነው»

ብቸኛ ተዋናይን ከድምፅ መሣሪያ ጋር ማፋጠጥ የቆየ ነው። ዣን ኮክቶ እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ያሳየው ተውኔት አንዲት ሴትና አንድ ስልክ ብቻ ነበሩት። ሳሙኤል ቤኬት በ1958 በለንደኑ ሮያል ኮርት አንድ ሽማግሌ ከገዛ ድምፁ ቴፕ ጋር እንዲቀመጥ አደረገ። ቴክኖሎጂውም ከመድረክ ስም ተውሷል፤ ጆሴፍ ዋይዘንባውም በ1966 ይፋ ያደረገው አነጋጋሪ ፕሮግራም ኤላይዛ የተባለው፣ በበርናርድ ሾው ተውኔት ውስጥ አነጋገር በምትማረው ልጅ ስም ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ አዝማሪ አለ፤ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት ሰምቶ፣ ይዞ፣ በማሲንቆ አጅቦ የሚመልስ። ስለ መዘግየት ስናነሣ ወደ እሱ እንመለሳለን።

«ተዋናዩ አንድ ስለሆነ ሥራውም ትንሽ ነው»

የሚታየው አንድ ነው። ከጀርባ ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ ድምፁን የሚይዝ፣ መብራትና ምስሉን የሚያስኬድ፣ የቋንቋ ፕሮግራሞቹን ብቻ የሚከታተል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሥራ ለአንድ ሰው መስጠት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ማሽኑ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ትዕይንት ሲቀየር ነውና ሰውየው በዚያች ቅጽበት እጁ መብራቱ ላይ ነው። ክፍተቱን የሚሸፍን ሌላ ተዋናይ መድረኩ ላይ የለም።

«ማሽኑ ወዲያው ይመልሳል»

በ10 ቋንቋዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች ሲጨዋወቱ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ ወደ 200 ሚሊሰከንድ ነው። የመድረክ ማሽን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይዘገያል። ምክንያቱን ለማየት መንገዱን ደረጃ በደረጃ መከተል ይበጃል። የድምፅ ካርዱ በሰከንድ 48,000 ናሙና እየወሰደ 256ቱን ለማጠራቀም 5 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህ ኢምንት ነው። ቀጥሎ ፕሮግራሙ «ተናግሮ ጨርሷል» ብሎ ለመወሰን ከ500 እስከ 800 ሚሊሰከንድ ዝምታ ይጠብቃል። ወደ ጽሑፍ መለወጡ እስከ 1 ሰከንድ፣ መተርጎሙ ወይም መልስ ማዘጋጀቱ ከግማሽ እስከ 2 ሰከንድ፣ ድምፅ ማውጣቱ ሌላ ግማሽ ሰከንድ ይጨምራል። ፕሮጀክተሩም በበኩሉ ከ30 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ሲደመር ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ገደማ ነው፤ በመድረክ ላይ 4 ሰከንድ ረጅም ነው።

ብዙዎች የዝምታ መጠበቂያውን ወደ 300 ሚሊሰከንድ ያወርዱታል። ያን ጊዜ ተዋናዩ ትንፋሽ ሲስብ ማሽኑ «ጨረሰ» ይልና ዐረፍተ ነገሩን ከመሐል ይቆርጠዋል። የተሻለው መላ የእግር ፔዳል ነው፤ ተዋናዩ ሲጀምር ይረግጣል፣ ሲጨርስ ይለቃል፣ ግማሽ ሰከንዱ ይተርፋል። የቀረውን ጊዜ በድርጊት መሙላት ያስፈልጋል፦ ውኃ መቅዳት፣ ወንበር ማዞር፣ የመጨረሻውን ቃል ደግሞ ማለት። አዝማሪው የተቀበለውን ስንኝ ከመመለሱ በፊት ማሲንቆውን አንድ ዙር የሚያስኬደው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የማሰቢያ ጊዜ ይገዛበታል። በልምምድ 20 ምላሾች የሚወስዱትን ጊዜ ለኩና ድርጊቱን በአማካዩ ሳይሆን በዘገየው ልክ ቀምሩት። ማሽኑ ቀድሞ ከመለሰ ጉዳት የለውም፤ ከዘገየ ግን ተዋናዩ ባዶ እጁን ቆሞ ይቀራል።

«ለአዳራሹ የበቃ ማይክ ለማሽኑም ይበቃል»

አይበቃም። የጆሮ ላይ ማይክ ከአፍ ጫፍ 3 ሴንቲሜትር ላይ ሲሆን፣ ደረት ላይ የሚሰካው 24 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል። ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር የድምፁ ጉልበት በ6 ዴሲቤል ስለሚቀንስ በሁለቱ መካከል የ18 ዴሲቤል ልዩነት አለ፤ በዚያ ልክ የአዳራሹ ማስተጋቢያና የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ይገባል። ወደ ማሽኑ የሚሄደው መስመር ከሚክሰሩ (ከድምፅ መቀላቀያው) ላይ ለብቻው ይከፈል፤ ማስተጋቢያም ሆነ ሌላ ማሳመሪያ አይጨመርበት። ማሽኑ በሚናገርበት ጊዜ ደግሞ ይህ መስመር መዘጋት አለበት። አለዚያ የራሱን ድምፅ ከስፒከር ሰምቶ ለራሱ ይመልሳል፣ ተዋናዩም ተመልካች ይሆናል።

ዝምታ የባሰ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውና በ680,000 ሰዓት ድምፅ የሠለጠነው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ፕሮግራም ዊስፐር ድምፁን በ30 ሰከንድ እየቆረሰ ያነባል፤ ሰው ሳይናገር ሲቀር ያልተባለ ነገር የሚጽፍበት ጊዜ አለ፣ ለምሳሌ ከቪዲዮ መዝጊያ የለመደውን «ስለተመለከታችሁ እናመሰግናለን» ዓይነት። በመነባንብ ውስጥ ዝምታ ትልቁ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ድምፅ መኖሩን ቀድሞ የሚለይ ማጣሪያ ከፊቱ ማድረግ ግድ ነው፤ ፔዳሉም ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

«አማርኛ እንደሚነገር ስለሚጻፍ ለማሽን ቀላል ነው»

ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ ለጸሐፌ ተውኔት ትልቁ ሀብትም እዚሁ አለ።

«ማሽኑ ይሰማል» የሚለውን እዩ። አላልቶ ለሚያነብ ማሽኑ ያዳምጣል ማለት ነው፤ አጥብቆ ለሚያነብ ድምፁ ለሌሎች ይደርሳል ማለት ነው። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አይለይም። አለ፣ ዋና፣ ገና ሁሉም እንዲሁ ናቸው። አንባቢ ከዐውዱ ይረዳል፤ ማሽኑም ከዐውድ ይገምታል። የተውኔት ንግግር ግን አጭር ነው። አንዱ «አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው «ገና» ብሎ ይመልሳል፤ መገመቻ የሚሆን ዐውድ የለም። የድምፅ ማመንጫው ገና ጊዜው ነው ሊል ፈልጎ የልደትን በዓል ሊያበስር ይችላል።

መፍትሔው ጽሑፉን በሁለት ዓምድ መያዝ ነው። አንደኛው በስክሪን የሚታየው ትክክለኛ ጽሑፍ፣ ሁለተኛው ለድምፅ ማመንጫው ብቻ የሚሰጠው። በሁለተኛው ውስጥ የሚጠብቀው ድምፅ በሳድስ ይደገማል፦ «ገንና»፣ «አልለ»፣ «ዋንና»። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ እያንዳንዱን ግን በጆሮ አረጋግጡ። ዩኒኮድ የማጥበቂያ ምልክት ቢኖረውም ድምፅ ማመንጫው ያውቀዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ቁጥሮችንም በቃል ጻፏቸው፤ የግዕዝ ቁጥር ሲያጋጥመው ዘሎት ሊያልፍ ይችላል።

ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ማሽኑ «ፀሐይ» ሲጽፍ ጽሑፈ ተውኔቱ «ጸሀይ» ቢል አልተሳሳተም፤ ስለዚህ ከማወዳደር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ወደ አንድ መልክ መልሱ። የስሕተት መጠን በቃል ሲቆጠርም አማርኛ ይጎዳል። «አልመጣችልኝም» አንድ ቃል ሆኖ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ማሽኑ «ች»ን ብቻ ቢስት ከስምንት ፊደል አንዷ ጠፋች፤ በቃል ቆጠራ ግን ሙሉ ቃሉ ስሕተት ነው። በመድረኩ ላይ ደግሞ ያልመጣችው ሴት ያልመጣ ወንድ ትሆናለች። ያልተባሉ ቃላት ሲጨመሩ የቃል ስሕተቱ ከ100 በመቶም ያልፋል፤ በፊደልም ቆጥራችሁ ሁለቱን አብራችሁ ተመልከቱ።

በዚህ ላይ ማሽኖቹ በብዛት የተማሩት ከንባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለአማርኛ የቀረበው ታዋቂ የንግግር ክምችት 20 ሰዓት ገደማ የተነበበ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ባለ 1,100 ቋንቋ የንግግር ቴክኖሎጂ ሥራ በአብዛኛው በመንፈሳዊ መጻሕፍት ንባብ ላይ ቆሟል። ሹክሹክታ፣ ጩኸትና በሲቃ የታነቀ ድምፅ በዚያ ውስጥ እምብዛም የለም። የተዋናዩን የመድረክ ድምፅ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቅዱና በዚያ ፈትኑት። የሚወድቅባቸውን ቦታዎች ምልክት አድርጉባቸው፤ ግማሾቹን ስታስተካክሉ ግማሾቹ በተውኔቱ ውስጥ እንዳሉ ሊቀሩ የሚገባቸው ሆነው ታገኛላችሁ።

«ትርጉሙን ማሽኑ እዚያው ይሥራው»

ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ብዙ ተሻሽሏል። ይሁንና የእንግሊዝኛው «ዩ» አንተ ይሁን አንቺ ወይስ እርስዎ፣ ከመድረኩ ውጭ ያለ ማሽን ሊያውቀው አይችልም። «አሉ» በአክብሮት የተባለላቸው አዛውንት ብዙ ሰዎች ሆነው ይተረጎማሉ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ሌሊት ይሆናል። አማርኛ ተውኔት በዋሽንግተን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲቀርብ ትርጉሙን ሰው አስቀድሞ ያዘጋጀው፤ ማሽኑ የሚመርጠው የትኛው መስመር አሁን ይታይ የሚለውን ብቻ ይሁን። የማሽኑ ትርጉም ራሱ የትዕይንቱ ጉዳይ ከሆነ ግን ይሳሳት፤ በግልጽም ይታይ።

«ሁሉም በቀጥታ ካልተሠራ ማታለል ነው»

ቀጥታ፣ አስቀድሞ የተቀዳ፣ ከጀርባ በሰው የሚነዳ፤ ሦስቱም ሕጋዊ የመድረክ መንገዶች ናቸው። የሚያዋጣው ድብልቁ ነው። ማሽኑ የሰማውን ከጽሑፈ ተውኔቱ ጋር ያወዳድራል፤ የመጨረሻዎቹ አምስት ቃላት በፊደል ሲለኩ 70 በመቶ ከገጠሙ በኦኤስሲ (የመድረክ መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች በኔትወርክ በሚነጋገሩበት መንገድ) መልእክት ቀጣዩን ምስልና ድምፅ ያስነሣል። ባለሙያው ማስቆሚያና ማስነሻ ቁልፍ እጁ ላይ አለው። መነሻ የሚሆኑት ሐረጎች ረዘም ይበሉ፤ «እሺ» በትርኢቱ ውስጥ አርባ ጊዜ ሊባል ይችላል።

«ብርቱ ፕሮጀክተር ካለ ጽሑፉ ይነበባል»

4 ሜትር በ2.25 ሜትር የሆነ ምስል 9 ካሬ ሜትር ነው፤ የፕሮጀክተሩ 5,000 ሉመን ብርሃን ሲካፈልለት በየካሬ ሜትሩ 550 ሉመን ገደማ፣ ማለትም 550 ሉክስ ይደርሰዋል። ተዋናዩን ከፊት የሚያበራ መብራት ስክሪኑ ላይ ከፈሰሰ ይህ ሁሉ ይደበዝዛል። መብራቱን ከጎን አምጡት፣ ስክሪኑን ከተዋናዩ ቢያንስ 2 ሜትር አርቁት። ለ20 ሜትር ርቀት የፊደሉ ቁመት 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን። ኒያላ የተባለው የኮምፒዩተር ፊደል ቀጭን መስመሮቹ በርቀት ስለሚጠፉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በደማቁ መጠቀም ይሻላል፤ ፊደሉ ትርኢቱን በሚያስኬደው ኮምፒዩተር ላይ መጫኑንም አረጋግጡ፣ አለዚያ በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ይተካል።

ኢንተርኔትና መብራት ሲሄዱ ምን እንደሚሆንም አስቡ። ትልቁ ዊስፐር ባለ 1.55 ቢሊዮን ፓራሜትር (በሥልጠና የተማራቸው ቁጥሮች) ነው፤ እያንዳንዱ በ16 ቢት ሲያዝ ሞዴሉ ብቻውን 3 ጊጋባይት ያህል ማኅደረ ትውስታ ይይዛል፤ ከዚያ የሚበልጥ ማኅደረ ትውስታ ያለው ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ባለው ላፕቶፕ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ሚክሰሩና ፕሮጀክተሩ የላቸውም። መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ የባትሪ መሣሪያ (ዩፒኤስ) ለሁለቱም ያስፈልጋል፤ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር አንዴ ከጠፋ በርዶ እስኪነሣ ደቂቃዎች ይፈጃል።

«ድምፁ ከተቀዳ በኋላ የእኛ ነው»

የተዋናዩን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ሞዴል ከተሠራ፣ ውሉ ሞዴሉ ለየትኛው ትርኢት፣ እስከ መቼ፣ ምን ዓይነት ቃል ሊናገርበት እንደሚችል ይጥቀስ። ከተመልካች ድምፅ የምትወስዱ ከሆነ በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ድምፅ እንደምትወስዱ መግቢያው በር ላይ በአማርኛ በጉልህ ጻፉ፤ ማይኩን ለፈቀደ ብቻ አቅርቡ፤ ባለሙያው ቅጂውን ትርኢቱ ባለቀበት ምሽት መሰረዙን በትርኢቱ መዝገብ ላይ ፈርሞ ይውጣ።