ችግኝ ከኩባያ ወደ ፖት ስናዛውር የምንሳሳታቸው ነገሮች እና እውነታው

ከሶስት ሳምንት በፊት ጎረቤቴ የሆኑ እናት በሬን አንኳኩተው ግማሹ የተቆረጠ ጀሪካን ታቅፈው መጡ። ውስጡ አንድ የቃሪያ ችግኝ አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። "እስኪ እይልኝ ልጄ፣ ትናንት ነው ከእርጎ ኩባያ አውጥቼ እዚህ የተከልኩት፣ ውሃም አልነፈግኩትም፣ ምን ሆነብኝ?" አሉኝ። ቀስ ብዬ ሳወጣው አፈሩ ጭቃ ሆኗል፣ ስሩ ደግሞ ራቁቱን ነው፣ አንድ ቀጭን ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። የድሮውን አፈር ምን አረጉት ስላቸው "ያረጀ ነው ብዬ አራገፍኩለት" አሉ። ሁለት ወር ሙሉ መስኮት ዳር አስቀምጠው እየዞሩ ያዩት ችግኝ በአንድ ደቂቃ ስራ ሄደ ማለት ነው፣ እና ይሄ ነገር እኔን በጣም ነው ሚያንገበግበኝ፣ ምክንያቱም ሰዉ ችግኙን ሚገለው በስንፍና ሳይሆን ከሰው ከሰው በሰማው ምክር ነው፣ እየተንከባከበው ነው ሚገለው።

ስለዚህ በተደጋጋሚ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው። ምሳሌዎቼ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ያሉ ናቸው፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጎመን፣ እንደዚህ ያሉት።

"የድሮውን አፈር አራግፎ በአዲስ አፈር መትከል ይሻላል"

አይ፣ በፍጹም። ችግኙ ውሃ ሚጠጣው በዛ በወፍራሙ በምናየው ስር አይደለም፣ ጫፉ አካባቢ ባሉት እንደ ፀጉር በቀጠኑ ነገሮች ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአይን እንኳን በደንብ አይለዩም። እነሱ ደግሞ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ነው ሚኖሩት፣ አፈሩን ስታራግፉት አብረው ይበጠሳሉ፣ የተረፉት ደግሞ ፀሐይና ንፋስ ሲያገኛቸው በደቂቃ ውስጥ ይደርቃሉ። ቅጠሉ እንደድሮው ውሃ እያተነነ ነው፣ ከታች ሚጠጣው አፍ ግን የለም፣ መጠውለግ ሚመጣው ከዚህ ነው። አፈሩ አረጀ ብላችሁ ከሆነ በአዲሱ ፖት ዙሪያውን ምትጨምሩት ኮምፖስት ይበቃዋል፣ ስሩ ራሱ ሄዶ ይፈልገዋል።

ልክ ሆኖ ሚወጣው ችግኝ አፈሩን እንደ ኩባያው ቅርጽ ይዞ ነው ሚወጣው፣ ጎኑ ላይ ነጫጭ ስሮች እንደ መረብ ሆነው አፈሩን ይዘውት ታያላችሁ። ነጭ ስር ጤነኛ ነው። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት ሚላጥና ሚሸት ከሆነ በስብሷል፣ እሱ ከማዛወሩ በፊትም ውሃ በዝቶበት ነበር።

"ግንዱን ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው"

ቀስ ቢባልም ያው መሳብ ነው። የችግኝ ግንድ አንድ ብቻ ነው፣ ከተጨመቀ ወይ ከተሰበረ አለቀ፣ ቅጠል ግን አንድ ቢቀደድ ሌላ ያወጣል። ስለዚህ መያዝ ግድ ከሆነ ቅጠሉን ያዙ። ከዛ በላይ ግን አወጣጡ ነው ወሳኙ። ከማዛወሩ አንድ ወይ ሁለት ሰዓት በፊት ውሃ ታጠጡታላችሁ፣ ሚንጠባጠብ ጭቃ ሳይሆን በደንብ እርጥብ እንዲሆን፣ ምክንያቱም ደረቅ አፈር ይፈረካከሳል፣ ጭቃ ደግሞ በራሱ ክብደት ተንዶ ስሩን ይዞት ይወርዳል። ከዛ ግንዱን በሌባ ጣትና በመሃል ጣት መሃል አስገብታችሁ መዳፋችሁን አፈሩ ላይ ትዘረጋላችሁ፣ ኩባያውን ገልብጣችሁ ጎኑን ዙሪያውን ጨመቅ ጨመቅ፣ ቂጡን መታ መታ ማድረግ ነው፣ በቃ እጃችሁ ላይ ይቀመጣል። እምቢ ካለ አትታገሉት፣ ኩባያውን በመቀስ ቅደዱት። ለአንድ ፕላስቲክ ኩባያ ተብሎ የሁለት ወር ችግኝ አይበጠስም።

"ቶሎ ባዛወርኩት ቁጥር ቶሎ ያድጋል"

መጀመሪያ ሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ከዘሩ ውስጥ የነበሩ ናቸው፣ እነሱን አይታችሁ አትቸኩሉ። ከነሱ በኋላ የራሱ መልክ ያላቸው ቅጠሎች አራት ወይ ስድስት ያህል ሲሆኑና ስሩ በኩባያው ቀዳዳ ብቅ ማለት ሲጀምር ነው ጊዜው። ከዛ በፊት ስሩ አፈሩን ገና አልያዘውም፣ ምንም ብትጠነቀቁ ይፈርሳል። ቲማቲም በግምት ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ቃሪያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፣ በቀዝቃዛ ወቅት ከዛም ይረዝማል። ማዘግየቱም ግን ጥሩ አይደለም፣ ኩባያ ውስጥ እያለ አበባ ማውጣት ከጀመረ ቦታ ጠቦት ተጨንቋል ማለት ነው፣ አበባውን ቆርጣችሁ አዛውሩት።

"አንዴ ትልቁ ፖት ውስጥ ብከተው እገላገላለሁ"

ይሄ ላይ ብዙ ሰው አይሰማኝም። ትንሽ ስር ትልቅ አፈር ውስጥ ሲገባ ስሩ ሚደርሰው መሃሏ ላይ ያለችውን ብቻ ነው፣ የቀረው አፈር ያጠጣችሁትን ውሃ ይዞ ቁጭ ይላል፣ ሚጠጣው የለማ። ውሃ የሞላው አፈር ውስጥ አየር የለም፣ ስር ደግሞ መተንፈስ አለበት፣ ይታፈናል ከዛ ይበሰብሳል። በተለይ እኛ ጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም፣ ቃሪያ ደግሞ ቀዝቃዛ እርጥበት አይወድም። ከእርጎ ኩባያ ቀጥሎ ዙሪያውን ሁለት ሶስት ጣት ያህል ሚሰፋ ዕቃ ይበቃል፣ የሃይላንድ ወገብ ተቆርጦም ይሆናል፣ ቂጡን ብሱት እንጂ። እሱን ሲሞላ ወደ መጨረሻው ቤቱ፣ ለአንድ ቃሪያ 10 ሊትር ያህል፣ ለአንድ ቲማቲም 20 ሊትር አፈር ሚይዝ ዕቃ። ቲማቲም ጉልበተኛ ስለሆነ ቀጥታ ትልቁ ላይ ገብቶም ሊተርፍ ይችላል፣ ግን ያኔ ውሃውን በልክ ችግኙ ዙሪያ ብቻ ማጠጣት አለባችሁ፣ ፖቱን ሙሉ አይደለም።

"ከስር ጠጠር ከተደረገ ውሃው በደንብ ይወርዳል"

አበባ ሻጮችም ሳይቀሩ ይሄን ይመክራሉ፣ ሁሉም ሰው ያምነዋል፣ ነገር ግን ልክ አይደለም። ቤታችሁ ያለውን የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በሰፊው ጎኑ አግድም ያዙት፣ መንጠባጠቡን እስኪያቆም ጠብቁ። ከዛ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ እንደገና ውሃ ይወርዳል። አፈርም እንደዛው ነው፣ ከታችኛው ጫፉ ላይ ሁሌም ውሃ የያዘ ንብርብር አለ፣ ጠጠር ስትጨምሩ ውሃው ከደቃቁ አፈር ወደ ትላልቁ ክፍተት ዝም ብሎ አይወርድም፣ አፈሩ እስኪጠግብ እዛው ይቆማል። ስለዚህ ያ የረጠበው ንብርብር ጠጠሩን ያህል ከፍ ብሎ ወደ ስሩ ይጠጋል ማለት ነው፣ ለስሩ ሚሆነውም ቦታ ያንሳል። ውሃ ሚያወርደው ቀዳዳ እና አፈሩ ራሱ ነው። አፈሩ እንዳይፈስ ከሆነ ቀዳዳው ላይ አንድ ቁራጭ የወንፊት ጨርቅ በቂ ነው።

አፈሩን ካነሳን አይቀር፣ ጥቁር አፈር ብቻውን (መረሬ ምንለውን) ፖት ውስጥ አታድርጉ እባካችሁ። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ደግሞ ስሩን ይዞት ነው ሚሰነጠቀው፣ እንደ ክር ይበጥሰዋል። እኔ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ያለቀለት ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ ነው ምቀላቅለው።

"የወረቀት ኩባያ ስለሆነ ከነኩባያው መትከል ይቻላል"

የማኪያቶ የወረቀት ኩባያ ውስጡ በስሱ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፣ ባይለበጥማ ማኪያቶውም ይፈስ ነበር። አፈር ውስጥ ቶሎ አይበሰብስም፣ ስሩ ውስጡ ሲዞር ይከርማል። ጋዜጣ ጠቅልላችሁ የሰራችሁት ከሆነ ይቻላል፣ ግን ጫፉ ከአፈር በላይ እንዳይቀር፣ ከቀረ እንደ ፈትል ሆኖ እርጥበቱን ወደ ላይ እየሳበ ያደርቀዋል። በ2011 ዓ.ም አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ጀምሮ በየክረምቱ ሁላችንም ስንተክል የኖርነው የዛፍ ችግኝም ጥቁር ፕላስቲክ አለው አይደል፣ እሱም እንደዛው፣ ከነፕላስቲኩ ከተቀበረ ዛፉ ታፍኖ ይቀራል፣ ጎኑን በምላጭ ቀዶ ማውጣት ነው።

"ስር በፍጹም መነካት የለበትም"

ከላይ ካልኩት ጋር የተጋጨ እንዳይመስላችሁ፣ ይሄ እንደ ተክሉ ነው። ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ኪያር ስራቸው ሲነካ በጣም ይጎዳሉ፣ እነሱን እንዳሉ አውጥቶ እንዳሉ ማስቀመጥ ነው፣ እንደውም በ3 ሳምንት ገደማ ገና ሳይጠላለፉ ማዛወር። ቲማቲምና ጎመን ግን ስሩ ኩባያው ውስጥ ዞሮ ዞሮ ቂጡ ላይ እንደ እንክብል ከተጠቀለለ ታችኛውን በጣት ትንሽ ፈታ ማድረግ ይጠቅማቸዋል፣ ያለዛ በአዲሱ አፈርም ውስጥ መዞሩን ይቀጥላል። እንጨት ሚሆኑት ላይ ደግሞ ግዴታ ነው። የቡና ችግኝ ዋና ስሩ ፕላስቲኩ ቂጥ ላይ ከታጠፈ ታጥፎ ነው ሚቀረው፣ መጀመሪያ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ያታልላል፣ ከዓመታት በኋላ ግን ድርቅ ሲመጣ ወደ ታች የወረደ ስር ስለሌለው ቀድሞ ሚመታው እሱ ነው። ቡና ተካዮች የፕላስቲኩን ታችኛውን አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከነአፈሩ ቆርጠው ሚጥሉት ለዚህ ነው። አቮካዶም የዞረ ስሩ ቢፈታለት ወይ ቢቆረጥለት ጥሩ ነው፣ ግን በጥንቃቄ፣ ስሩ ስስ ስለሆነ አፈሩን ማፍረስ አይገባም።

"በጥልቀት ከተቀበረ ይጠነክራል"

ለቲማቲም እውነት ነው፣ ግንዱ አፈር የነካበት ቦታ ሁሉ ስር ያወጣል፣ የረዘመና የቀጠነ ቲማቲም ከሆነ የታች ቅጠሎቹን ቆርጦ እስከ አንገቱ መቅበር ነው። ግን ይሄን ለሁሉም አታድርጉት። ሰላጣ መሃሉ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ፓፓያ ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ቃሪያም ኩባያው ውስጥ በነበረበት ልክ ቢሆን ይሻለዋል። ከተከላችሁ በኋላ በጡጫ መጠቅጠቅም አያስፈልግም፣ አየሩን ታስወጡበታላችሁ፣ በጣት ጫን ጫን አርጎ ውሃ ማጠጣት ይበቃል፣ ውሃው ራሱ አፈሩን ያስቀምጠዋል።

"ለብርታት ወዲያው ማዳበሪያ"

ገና ቁስሉ ላይ ነው። ዩሪያ እንደ ጨው ከስሩ ውስጥ ውሃ ይስባል፣ ትኩስ ፍግም እንደዛው ያቃጥላል። ሁለት ሳምንት ታገሱ።

"ከጠወለገ ውሃ ጠምቶታል"

ጎረቤቴን ያጠቃቸው ሁለተኛው ስህተት ይሄ ነበር። ሁለት ችግኝ ቀርቷቸው ስለነበር ቅዳሜ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐዩ በረድ ሲል አብረን አዛወርናቸው። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ቅጠላቸው ረገብ አለ፣ እናታችን ጆጓቸውን ይዘው ደረሱ፣ "ይጠማዋል እኮ ልጄ!" እያሉ። ጣትዎን ይክተቱ አልኳቸው፣ እስከ ሁለተኛው አንጓ። አፈሩ እርጥብ ነበር። ስሩ ገና ስላልለመደ ነው እንጂ ውሃ አጥቶ አይደለም፣ በዛ ላይ ውሃ ሲጨመር መበስበስ ነው ሚከተለው። እኩለ ቀን ላይ ጠውልጎ ማታ ቀና ካለ ደህና ነው፣ በጠዋትም አንገቱን እንደደፋ ካገኛችሁት ነው ሚያሳስበው። መድሃኒቱ ጥላ ነው፣ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ከዛ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ለሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ እያስለመዱ ማውጣት። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከከፍታው የተነሳ ሀይለኛ ነው፣ መስኮት ዳር ያደገ ቅጠል ድንገት ከወጣበት ይነጣል። በላስቲክ መሸፈንም አለ፣ ፀሐይ ላይ ከሆነ ግን ውስጡን ያፈላዋል፣ ነጠላ ወይም ካርቶን ይሻላል። የሳቸው ሁለቱ በአስረኛው ቀን መሃላቸው ላይ አዲስ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቅጠል አወጡ፣ ስሩ መያዙን ምታውቁት በዛ ነው።

"ሁሉም ነገር በኩባያ ተጀምሮ ይዛወራል"

ካሮት አይሆንም። ምንበላው ራሱ ዋናው ስሩ ነው፣ ጫፉ ከተነካ ሁለት ሶስት ቦታ ተሰንጥቆ እግር ያወጣል፣ ስለዚህ ሚያድግበት ዕቃ ላይ ዘርቶ ሲበቅል ማሳሳት ነው። ቀይስር ገና ትንሽ እያለ ይችላል፣ እሱንም ቢሆን ከተጠጋጋ በመንቀል ፋንታ በመቀስ ቁረጡት፣ ስትነቅሉት ጎኑ ያለውን ይዞት ይወጣል፣ የቆረጣችሁት ቅጠልም ጎመን ውስጥ ይገባል።