«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» እና ሌሎች ሞተረኛን የሚጎዱ አባባሎች

ደቡብ ወሎ ውስጥ ካለችው ኩታበር ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሞተር የወጣ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ ጭቃ፣ ጭቃው ሲያልቅ ወንዝ፣ ወንዙን ሲሻገሩ ደግሞ ዳገት። እኔም ለሥራ ስል ዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ስለ ሄልሜት፣ ስለ ጓንትና ስለ ቡትስ ጫማ ከሞተረኛ ጓደኞቼ ደጋግሜ የሰማኋቸው ነገሮች አሉ። በቅንነት ነው የሚናገሩት። ግን ልክ አይደሉም፤ ስለምወዳቸው ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ሄልሜት ለሚበር ሰው ነው»

ይህ ከሁሉም የበዛው ነው፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ጭንቅላትን የሚጎዳው የሞተሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም። የወደቀበት ከፍታም ይጎዳል። ከመሬት 1.70 ሜትር ላይ ያለ ጭንቅላት ምንም ሳያግደው ቢወድቅ፣ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ነው። የሚጠብቀው ደግሞ ሣር ሳይሆን የደላንታ ድንጋይ ነው።

ቀስ ብሎ መንዳትን ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ስፖርቱ ትሪያል ይባላል። የፍጥነት ውድድር አይደለም። ነጂው ቋጥኝ ላይ፣ ወንዝ ውስጥ ባለ አለት ላይ፣ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ሞተሩን እያመዛዘነ ያልፋል። እግሩ መሬት ከነካ የቅጣት ነጥብ ይቆጠርበታል። ሞተሩ እኛ የምናውቀው ዓይነት መቀመጫ እንኳ የለውም፤ የሚነዳው ቆሞ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ እምብዛም አይበልጥም። የዓለም ሻምፒዮናው ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይካሄዳል። ስፔናዊው ቶኒ ቡ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዋንጫውን ለዓመታት ሳያስነጥቅ የኖረ ሰው ነው። እሱ እንኳ ያለ ሄልሜትና ያለ ቡትስ ወደ ድንጋዩ አይገባም። ደንቡም አይፈቅድለትም። እጁ ላይ የምትታሰር ገመድም አለችው። ከሞተሩ ላይ ሲወድቅ ገመዷ ትነቀልና ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል።

እኛ በየቀኑ የምናደርገው ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ልዩነቱ እኛ ከኋላ ማዳበሪያ ወይም ሰው ጭነናል። ልምምድ የምናደርግበት ሜዳም የለንም።

«ቁርጭምጭሚት ምን ይሆናል? ነጠላ ጫማ ይበቃል»

በዝግታ የሚነዳ ሰው ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በጎኑ ነው። ሞተሩ እግሩ ላይ ይተኛል። ቀላል ሞተር እንኳ ከ100 ኪሎ ብዙም አያንስም። ከሥር ድንጋይ፣ ከላይ ብረት፣ መሃል ላይ ቁርጭምጭሚት ማለት ነው። የጋለው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ደግሞ ባቱን ያገኘዋል። ለክረምት የምናጠልቀው የጎማ ቦቲ ከጭቃ ያድናል፤ አጥንት ግን አይደግፍም። ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚወጣ፣ በደንብ የሚታሰር፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ የቆዳ ጫማ ይሻላል። ውድ መሆን የለበትም።

ጓንትም እንዲሁ። የሚወድቅ ሰው ሳያስበው እጁን ያስቀድማል። መዳፉ የተገፈፈ ሰው ለሳምንታት አካፋም እስክሪብቶም አይዝም።

«ሄልሜት አንገት ይሰብራል፣ ዓይን ይጋርዳል»

ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ በ2008 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ሄልሜት የመሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ይላል። አንገት ይሰብራል የሚለውን የሚደግፍ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ዓይንን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፉ ደረጃ ወደ ግራም ወደ ቀኝም 105 ዲግሪ እንዲያሳይ ያስገድዳል። እውነቱን ለመናገር ዓይን የሚጋርደው የተቧጨረ መስታወት ነው። መስታወቱን ቀይሩት።

«ካልተሰነጠቀ ደህና ነው»

አይደለም። ሕይወት የሚያድነው የውጭው ሽፋን ብቻ አይደለም፤ ከውስጥ ያለው ነጭ ፎምም ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ያለውን ፎም አስቡት። ሲመታ ይጨመቅና ምቱን ይውጣል። አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም። ከውጭ ሲያዩት ግን ሄልሜቱ አዲስ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አደጋ ያየ ሄልሜት ሥራውን ጨርሷል። ያገለገለ ሄልሜት የማልገዛውም ለዚህ ነው፤ ያለፈበትን አላውቅምና። የግንባታ ቆብ ደግሞ ከላይ ለሚወርድ ዕቃ የተሠራ ነው፤ ለሞተር አይሆንም።

«ሄልሜት አለኝ እኮ!»

አዎ፣ ክርንህ ላይ። ትራፊክ ሲታይ ነው ራስ ላይ የሚወጣው። ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜትም ያው ነው። ገና በመጀመሪያው ምት ይወልቅና ብቻውን ይንከባለላል።

«ቆላ ነው፣ ይሞቃል»

ከሚሴና ባቲ ይሞቃል፣ ማን ይክዳል። ግን ላብ በውሃ ይታጠባል። አስፋልት የገፈፈው ቆዳ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በቆላ ሽርጥ፣ በደጋ ጋቢ ለብሶ መንዳት የባሰ ነገር አለው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ብርዱ ያንቀጠቅጣልና ጋቢ እንደርባለን። የጋቢው ጫፍ በካቴናው (በሞተሩ ሰንሰለት) ወይም በኋላ ጎማው ከተያዘ ነጂውን ከነነፍሱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ከኋላ የተቀመጠች እናት ነጠላም እንደዚያው። ከመነሳታችሁ በፊት «እማማ፣ ነጠላውን ሰብስበው ይያዙልኝ» በሏቸው። ጃኬት ይሻላል፤ ዚፑ ተዘግቶ።

«ቀኑ ከደረሰ ሄልሜት አያስጥልም»

ይህን የሚሉትን አከብራለሁ፤ እኔም አማኝ ነኝ። ነገር ግን ባቲ ግመል ገበያ ላይ ግመሉን ሳያስር «አላህ ይጠብቀዋል» ብሎ የሚሄድ ሰው አላየሁም። መጀመሪያ ያስራል፣ ከዚያ ይመካል።

«ሄልሜት ለነጂው ነው»

ከኋላ ያለው ሰው መሪ አይዝም፣ ጉድጓዱን ቀድሞ አያይም፣ ሲወድቅም ሳይዘጋጅ ነው። እኔ ሁለተኛ ሄልሜት የገዛሁት ባለቤቴን ከሐይቅ ከተማ ይዤ ስመለስ ጠጠር ላይ ከተንሸራተትን በኋላ ነው። ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ሄልሜት አድርጌ ነበር፣ እሷ አላደረገችም። ያን ቀን ፊቷን ማየት አፈርኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የወደቀ ሞተረኛ ብታገኙ፣ እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱን ጎትታችሁ አታውልቁ። አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። መስታወቱን ክፈቱለት፣ ጭንቅላቱን ደግፋችሁ ያዙት፣ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ አታንቀሳቅሱት። መተንፈስ ካልቻለ ግን ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ያውልቀው።