«ያሸነፈ ይደግማል፣ የተሸነፈ ይቀይራል» ምንድን ነው?

ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ሲባል ብዙ ሰው የዕድል ጨዋታ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለት ሰዎች እኩል እጃቸውን ያወጣሉ፤ ጡጫ ድንጋይ፣ የተዘረጋ መዳፍ ወረቀት፣ ሁለት ጣት መቀስ ነው። ሕጉን ካያችሁት እውነት ይመስላል። ድንጋይ መቀስን ይሰብራል፣ መቀስ ወረቀትን ይቆርጣል፣ ወረቀት ድንጋይን ይሸፍናል። ከሦስቱ አንዱም ከሌላው አይሻልም። ግን እጁን የሚያወጣው ሰው ነው። ሰው ደግሞ በዘፈቀደ መምረጥ አይሆንለትም። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 ካናዳ ቶሮንቶ ላይ የዓለም ሻምፒዮና እስከማካሄድ የተደረሰውም ጨዋታው የሚነበብ ነገር ስላለው ነው።

ርዕሱ ላይ ያለው አባባል ከሚነበቡት ነገሮች ዋናው ነው። ተጫዋች ሲያሸንፍ ያዋጣውን ይዞ ይቆያል፤ ሲሸነፍ ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የቻይናው ዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በቁጥር አሳዩ። 360 ተማሪዎችን ስድስት ስድስት አድርገው ከፋፈሉና 300 ዙር አጫወቷቸው። ላሸነፈ ገንዘብ ይከፈል ስለነበር ሁሉም የምሩን ነበር የተጫወተው። ውጤቱ ሲደመር ሦስቱም ምርጫዎች ወደ አንድ ሦስተኛ የተጠጋ ድርሻ ነበራቸው። በዚህ ብቻ ቢታይ ሁሉም በዘፈቀደ የተጫወተ ይመስላል። ነገሩ የተገለጠው ቅደም ተከተሉ ሲታይ ነው፤ ያሸነፈው ወደ መድገም፣ የተሸነፈው ወደ መቀየር ያደላ ነበር።

ይህ ምን ይጠቅማል? እናንተ ድንጋይ፣ ተጋጣሚያችሁ መቀስ አወጣ እንበል። አሸነፋችሁ። እሱ አሁን መቀስን ይሸሻል፤ የቀረው ድንጋይ ወይም ወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀት አውጡ። ድንጋይ ከመጣ ታሸንፋላችሁ፣ ወረቀት ከመጣ እኩል ትወጣላችሁ። ግምቱ እስከያዘ ድረስ መሸነፍ የለም። አሁን ገልብጡት። መቀስ አውጥታችሁ በድንጋይ ተሸነፋችሁ። ያሸነፈው ሰው ድንጋዩን ሊደግም ይችላል፤ መልሱ አሁንም ወረቀት ነው። ሁለተኛው ቀላል ነው። ከባዱ የመጀመሪያው ነው፤ ገና አሁን ድል ያመጣላችሁን ድንጋይ ጥላችሁ መሄድ አለባችሁ። አብዛኛው ሰው ነጥብ የሚጥለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሌላም የሚያጋልጥ ነገር አለ። አንድ ሰው መቀስን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ካወጣ፣ ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ ይፈራዋል። «ይነቃብኛል» ይላል። ስለዚህ እዚህም ወረቀት ከመሸነፍ ያድናል።

ተጋጣሚው ይህን ሁሉ ካወቀስ? ያኔ የአእምሮ ጨዋታው ይጀመራል። ጀማሪው ድንጋይ ያወጣል። አንድ እርምጃ የቀደመው ወረቀት፣ ያንን የገመተው መቀስ፣ እሱንም የገመተው ድንጋይ ያወጣል። ልብ በሉ፣ ሦስት እርምጃ ያሰበው ሰው ምንም ካላሰበው ጋር አንድ ዓይነት እጅ አወጣ! ምርጫው ሦስት ብቻ ስለሆነ ሐሳቡ ዞሮ እዚያው ይመጣል። ስለዚህ ከተጋጣሚ በጣም ርቆ ማሰብ አይጠቅምም። የሚፈለገው እሱ የቆመበትን አውቆ በአንድ እርምጃ መብለጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። አንድ የጃፓን ኩባንያ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ ሥዕሎቹን ማን ይሽጥልኝ ብሎ ክሪስቲስና ሶዝቢስ የተባሉትን ሁለት ትልልቅ አጫራቾች በድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ አወዳደራቸው። ሶዝቢሶች የዕድል ጉዳይ ነው ብለው ብዙም አልተጨነቁበትም፤ ወረቀት መረጡ። የክሪስቲስ ሰዎች ግን የአንድ ባልደረባቸውን የ11 ዓመት መንታ ልጆች አማከሩ። የልጆቹ ምክር መቀስ ነበር፤ ድንጋይን ሁሉም ሰው ይጠብቀዋል አሉ። ድንጋይን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የሚያወጣው ወረቀት ነው። መቀስ አሸነፈ፣ ሥራውም የክሪስቲስ ሆነ።

ራስን ላለማስነበብ ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ጋምቢት ይባላል። ሦስት ተከታታይ እጆችን አስቀድሞ ወስኖ መግባት ነው። ሦስት ድንጋይ «ናዳ»፣ ሦስት ወረቀት «ቢሮክራት» ይባላል። ናዳን ይዞ የገባ ሰው በመጀመሪያው ዙር ቢሸነፍም ድንጋዩን አይቀይርም። ንዴቱ እጁን አያዘውም። ተጋጣሚው «ተሸንፏል፣ አሁን ይቀይራል» ብሎ አስቦ ከሆነ ስሌቱ ይበላሽበታል።

ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው በመጨረሻዋ ቅጽበት በገዛ እጁ ሊጋለጥ ይችላል። ወረቀት ሊያወጣ ያሰበ ሰው ጣቶቹን ቀድሞ ይፈታል፤ ድንጋይ ያሰበ ጨምድዶ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሠራው ሮቦት የሚያሸንፈው በዚሁ መንገድ ነበር። ምንም አይገምትም። በፈጣን ካሜራ የሰውየው እጅ ቅርጽ ሲይዝ ያይና ወዲያው የሚያሸንፈውን ያወጣል፤ ፍጥነቱ በሰው ዓይን ስለማይያዝ እኩል ያወጡ ይመስላል። ሰው እንደዚያ አይፈጥንም፤ ዘግይቶ ማውጣትም ጥፋት ነው። ቢሆንም እጃችሁን እስከ መጨረሻው ምት ድረስ በጡጫ ያዙት፣ ዓይናችሁ ደግሞ ከተጋጣሚያችሁ ጣቶች ላይ አይነሳ።