ከከርነሉ በላይ፦ ዩዘርላንድን በከፍተኛ ደረጃ ቋንቋ መገንባት

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲባል ብዙዎቻችን ሃርድዌሩን በቀጥታ የሚያስተዳድረውን ዋና ክፍል፣ ከርነሉን፣ እናስባለን። በየቀኑ የምንነካው ግን ሌላውን ነው፦ ትእዛዝ የምንጽፍበትን ሼል፣ ፋይል የሚዘረዝሩና የሚገለብጡ ትንንሽ ትእዛዞችን፣ ማሽኑ ሲነሳ አገልግሎቶቹን የሚያስነሳውን ኢኒት። ይህ ሁሉ ዩዘርላንድ ይባላል። ዩኒክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1973 በሲ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እንደገና ከተጻፈ ወዲህ ዩዘርላንዱም በአብዛኛው የሲ ርስት ሆኖ ቆይቷል።

ከሲ ለመውጣት የሚገፋው ዋናው ምክንያት ሜሞሪ ነው። በሲ ከተመደበው ቦታ አልፎ መጻፍ ወይም የተለቀቀን ሜሞሪ መልሶ መጠቀም ቀላል ነው። ብዙ የደህንነት ቀዳዳም የሚከፈተው በዚሁ ነው። እንደ ጎ፣ ጃቫና ፓይተን ያሉ ቋንቋዎች ሜሞሪውን ራሳቸው ይጠብቃሉ። ረስት ደግሞ ያለ ጋርቤጅ ኮሌክተር (ያገለገለ ሜሞሪን እየሰበሰበ የሚለቅ ክፍል)፣ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም፣ ይቆጣጠራል።

ታዲያ ፍጥነቱስ? እንደሚፈራው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ቢስኪት የተባለ ከርነል በጎ ጽፈው ነበር። በሲ ከተጻፈ አቻ ኮድ ጋር ሲነጻጸር የዘገየው ከ5 እስከ 15 በመቶ ነው። ከርነል ይህን ከቻለ ፋይል የሚዘረዝር ትእዛዝ አያቅተውም።

የሚያስቸግረው አነሳሱ ነው። አንድ የሼል ስክሪፕት ትንንሽ ፕሮግራሞችን በመቶ ጊዜ ሊጠራ ይችላል። እያንዳንዱ ከነራንታይሙ (ቋንቋው እንዲሠራ ከሚያስፈልገው ደጋፊ ኮድ ጋር) ሲነሳ መዘግየቱ ይጠራቀማል። አንድሮይድ ይህን የፈታው በብልሃት ነው። ዛይጎት የሚባል ፕሮሰስ የጃቫውን ማሽንና ላይብረሪዎቹን ቀድሞ ጭኖ ይጠብቃል፤ አፕ ሲከፈት ራሱን ያባዛል። (በነገራችን ላይ፣ በሊኑክስ ከርነል ላይ በሌላ ቋንቋ ከተሠሩት ሁሉ በጣም የተስፋፋው ይኸው አንድሮይድ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ስሙ ብዙም አይነሳም።) በጎ የተጻፈው ዩ-ሩት የተባለ ዩዘርላንድ በሌላ መንገድ ሄደ። በመጀመሪያው ንድፉ ትእዛዞቹ በሶርስ ኮድ መልክ ተቀምጠው፣ ሲጠሩ ኮምፓይል ይደረጉ ነበር። በኋላ ግን ሁሉንም በአንድ ባይነሪ (ተተርጉሞ ባለቀ፣ በቀጥታ በሚሠራ ፋይል) ማጠቃለል የተለመደው አሠራር ሆነ። እያንዳንዱ የጎ ፕሮግራም ራንታይሙን ይዞ ስለሚዞር፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ብዙ ቦታ ይተርፋል።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሳይጻፍ የኖረው የፕሮግራሞች ስምምነት ነው። የፋይል ስምን እንውሰድ። በሊኑክስ የፋይል ስም የባይት ድርድር ነው፤ ዜሮ ባይትና ወደፊት ያዘነበለው ሰረዝ ብቻ አይፈቀዱም። ፓይተን 3 ግን ጽሑፍን ሁሉ ዩኒኮድ ያደርጋል። ዩኒኮድ ያልሆነ ስም ሲመጣስ? ባይቶቹን ደብቆ የሚያሳልፍ ልዩ ዘዴ መጨመር ግድ ሆነ። ረስት ለዚሁ ሲል የተለየ የስትሪንግ ዓይነት አለው።

የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው የሚያቀብለው ፓይፕም እንዲሁ። አንድ ትእዛዝ ሺህ መስመር እየጻፈ፣ ተቀባዩ አሥሩን አንብቦ ቢዘጋ፣ የሲው ፕሮግራም ከከርነሉ ሲግናል ደርሶት ጸጥ ብሎ ይሞታል። ፓይተንና ረስት ግን ሲነሱ ሲግናሉን ችላ እንዲባል ያደርጉታል። ስለዚህ ጸሐፊው ካልተጠነቀቀ ተጠቃሚው ላይ የስህተት መልእክት ይዘረገፍበታል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ያረጁ ስክሪፕቶች የሚሰበሩት ግን እንዲህ ባለው ነው።

የቅርቡን ማስረጃ ኡቡንቱ 25.10 የተባለው ሊኑክስ ሰጥቶናል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 የወጣው ይህ እትም ጂኤንዩ የተባለውን ፕሮጀክት በሲ የተጻፉ መሠረታዊ ትእዛዞች በአብዛኛው በረስት በተጻፈው ዩዩቲልስ ተካ። ብዙም ሳይቆይ ቀን የሚያሳየው ዴት ችግር አመጣ። የአንድን ፋይል የተሻሻለበት ጊዜ ሲጠየቅ የአሁኑን ሰዓት ይመልስ ነበር። በዚህ የተነሳ በአንዳንድ ማሽኖች ላይ አዲስ አፕዴት መኖሩን በራሱ የሚፈትሸው ሥራ ቆመ። የሜሞሪ ስህተት አልነበረም። አንድ አማራጭ በትክክል አልተሠራም ነበር፣ በቃ። የዩዩቲልስ ሠሪዎች ከጂኤንዩ የሚለይን ማንኛውንም ባህሪ እንደ ስህተት ይቆጥራሉ፤ ሥራቸውንም በራሱ በጂኤንዩ የሙከራ ስብስብ ይለካሉ።