የተጫነ ከርነል እና የሚሠራ ከርነል፦ ፕሮክስሞክስ ላይ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ ክረምት ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ መብራት ሄደ። የዩፒኤሱ ባትሪ ከደከመ ቆይቷል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሰርቨሩ ጠፋ። በኋላ ሰርቨሩ ተነሳ፤ ኔትወርኩ ግን አልተነሳም።

«ካርዱ ተቃጥሏል» ተባለ። ኬብል ተቀየረ፣ ስዊች ተቀየረ። ስንለፋ ቆይተን ሞኒተርና ኪቦርድ ሰክተን አየነው። ካርዱ ምንም አልሆነም። የተቀየረው ስሙ ነው፤ መጨረሻው ላይ «ኤንፒ0» የሚል ተቀጥሎበታል። የኔትወርክ ፋይሉ ደግሞ አሁንም የሚፈልገው በድሮው ስም ነው። ያ ማሽን በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በ6.8 ከርነል (ሃርድዌሩን ከፕሮግራሞቹ ጋር በሚያገናኘው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ልብ) ተነስቷል። ከርነሉን የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ግንቦት ላይ፣ ፕሮክስሞክስን ከ8.1 ወደ 8.2 ሳሻሽል። ሪስታርቱን «ሌላ ቀን» ብዬ አቆይቼው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ከርነል የሚነገሩ ነገሮችን ጆሮዬን ሰጥቼ እሰማለሁ። ብሮድኮም የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ሠሪውን ቪኤምዌርን በኖቬምበር 2023 ገዝቶ የፈቃድ አሰጣጡን ከቀየረ በኋላ ወደ ፕሮክስሞክስ የመጣው ሰው ብዙ ነው። የተሳሳተው ወሬም አብሮ በዝቷል።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ፕሮክስሞክስ ቪየና ያለ ኩባንያ የሚያዘጋጀው፣ በዴቢያን ሊኑክስ ላይ የቆመ የቨርቹዋል ማሽኖች (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ራሳቸው ኮምፒውተር የሚሠሩ) ማስተናገጃ ነው። ከርነሉን የሚሠራው ከኡቡንቱ ከርነል ተነስቶ ነው። እያንዳንዱ እትም አንድ መደበኛ ከርነል አለው። ከጎኑ ደግሞ የፈለገ የሚጭነው አዲስ ከርነል ይቀርባል። ለምሳሌ በኤፕሪል 2025 በወጣው 8.4 መደበኛው 6.8 ነው፤ አማራጩ 6.14።

«አማራጭ ማለት የሙከራ ማለት ነው»

አይደለም። አማራጩ ብዙ ጊዜ የነገው መደበኛ ነው። 6.2 በ7.4 ላይ አማራጭ ነበር፤ 8.0 ሲመጣ መደበኛ ሆነ። 6.14ም በ8.4 ላይ አማራጭ ሆኖ ቆይቶ በኦገስት 2025 በወጣው 9.0 መደበኛ ሆኗል። ተጨማሪ ክፍያ አለው የሚሉም አሉ፤ የለውም።

«አዲስ ከሆነ ይፈጥናል»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ቁጥሩን አይተው ነው። ከርነል የሚቀየረው ምክንያት ሲኖር ነው። አዲስ የገዛችሁት ሰርቨር የኔትወርክ ካርዱ በ6.8 አልታይ ካለ፣ ወይም ፕሮሰሰሩ ከከርነሉ በኋላ የወጣ ከሆነ፣ አማራጩ የተዘጋጀው ለእናንተ ነው። ሁሉም ነገር በሰላም እየሠራ ከሆነ ግን ቁጥሩን ለማሳደግ ብቻ አትነካኩት።

አዲስ ከርነል አዲስ ድራይቨር ብቻ ይዞ አይመጣም፤ አዲስ ልማድም ይዞ ይመጣል። 6.8ን ተመልከቱ። የአንዳንድ ካርዶች ስም ተቀየረ። በኢንቴል ማሽኖች ላይ አይኦኤምኤምዩ የሚባለው (ካርዶች ወደ ሜሞሪ የሚገቡበትን የሚቆጣጠር) ነገር ማንም ሳያዘው በራሱ ሥራ ጀመረ፤ አንዳንድ የቆየ ሃርድዌር ደግሞ በዚህ ይታመማል። ሁለቱም ጉዳይ በ8.2 የእትም ማስታወሻ ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ ያነበብኩት ከሐምሌው ቀን በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ አንብቡት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ለካርዱ ስም መፍትሔው ቀላል ነው። በሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ አገልግሎቶቹን የሚያስነሳው ክፍል) የሊንክ ፋይል ውስጥ የካርዱን ማክ አድራሻ (መለያ ቁጥሩን) ጽፋችሁ ቋሚ ስም ስጡት። ከዚያ በኋላ ከርነሉ ቢቀየርም ስሙ አይነቃነቅም።

«ጭኜዋለሁ፤ አበቃ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

«አፕት ኢንስቶል ፕሮክስሞክስ-ከርነል-6.14» ብላችሁ ስትጭኑ ከርነሉ ዲስክ ላይ ይቀመጣል እንጂ ሥራ አይጀምርም። እየሠራ ያለው አሁንም የድሮው ነው። «ዩኔም -አር» ብላችሁ ብትጠይቁት ራሱ ይነግራችኋል። አዲሱ ሥራ የሚጀምረው ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ነው። ሌላ ካላዘዛችሁት ደግሞ ከተጫኑት መካከል የሚመረጠው ከፍተኛ ቁጥር ያለው ነው።

ስለዚህ ከርነል ጭናችሁ ሪስታርት ሳታደርጉ ከሄዳችሁ፣ የምትቀይሩበትን ሰዓት ለሌላ አሳልፋችሁ ሰጥታችኋል። ለማን? እኛ አገር ብዙ ጊዜ ለመብራት ኃይል። እናንተ እሑድ ጠዋት፣ ቡናችሁን ይዛችሁ፣ ሞኒተሩ ፊት ተቀምጣችሁ ማድረግ የምትችሉት ነገር፣ ሰኞ ደመወዝ ሊከፈል ሲል ማንም ሳያስበው ይሆናል። ያኔ ደግሞ ሰው የሚጠረጥረው መብራቱን ነው። ከሁለት ወር በፊት የተጫነ ፓኬጅ ማን ትዝ ይለዋል?

ስለዚህ ከጫናችሁ በዚያው ቀጠሮ ሪስታርት አድርጉ። ሪስታርት ማድረግ የማትችሉበት ቀን ከሆነ አትጫኑ። ተራውን አፕዴትም ጨምሩበት፤ ሙሉ ማሻሻያ ስታደርጉ ከሚወርዱት ፓኬጆች መካከል ከርነል ካለ ሕጉ ያው ነው።

«ቨርቹዋል ማሽኖቼ ሁሉ አዲሱን ከርነል ያገኛሉ»

ግማሹ እውነት ነው። ቨርቹዋል ማሽን የራሱ ከርነል አለው። ውስጡ ዊንዶውስ ይሁን ኡቡንቱ፣ የታችኛው ሰርቨር ከርነል ቢቀየር የእሱ አይቀየርም። ኮንቴይነር (ፕሮግራሞችን ለብቻቸው የሚያስቀምጥ ቀለል ያለ ክፍል) ግን የራሱ ከርነል የለውም፤ የሰርቨሩን ነው የሚጋራው። ኮንቴይነር ውስጥ ገብታችሁ «ዩኔም -አር» በሉ፤ የሚመጣው የሰርቨሩ ቁጥር ነው። ሥራችሁ በኮንቴይነር ላይ ከሆነ ከርነል ስትቀይሩ የሁሉንም መሠረት እየቀየራችሁ ነው። ከሪስታርቱ በኋላ አንድ በአንድ እዩዋቸው።

«ከርነል ያው ከርነል ነው፤ ከዴቢያን ባመጣውስ?»

ይቅርባችሁ። የፕሮክስሞክስ ከርነል የዜድኤፍኤስ (ዲስክ ላይ ፋይል የሚቀመጥበት ሥርዓት) ሞጁሉን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። የዴቢያኑ አይዝም። ሲስተማችሁ ራሱ ዜድኤፍኤስ ላይ ከተጫነና በዴቢያኑ ከርነል ብቻ ከተነሳችሁ፣ ዲስኩን የሚያነብለት የለም፤ መንገድ ላይ ይቆማል። አዲስ ከርነል ከፈለጋችሁ ፕሮክስሞክስ ራሱ ያቀረበውን ውሰዱ።

ከውጭ የሚጨመሩ ድራይቨሮችስ? የኤንቪዲያ ካርድ ያላችሁ ይህን በደንብ ያዙ። እንዲህ ያለው ድራይቨር ብዙ ጊዜ ዲኬኤምኤስ በሚባል መሣሪያ በኩል ለእያንዳንዱ ከርነል እንደገና ይገነባል። ለዚያ የከርነሉ ሄደርስ (ለግንባታ የሚያገለግሉ ፋይሎች) ያስፈልገዋል፤ «ፕሮክስሞክስ-ሄደርስ-6.14» የሚባለውን ፓኬጅ አብራችሁ ጫኑ። ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል ገና ካልደረሰ ግንባታው ይከሽፋል። ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» በሉና አረጋግጡ።

«ካልሠራ ሰርቨሩ አለቀለት»

ይሄ ፍርሃት ስንቱን ለዓመታት አሮጌ ከርነል ላይ አስቀምጦታል። አዲሱ ሲጫን አሮጌው አይጠፋም። ማሽኑ ሲነሳ በሚመጣው ሜኑ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ የድሮውን መምረጥ ትችላላችሁ። ከተነሳ በኋላ በ«ፕሮክስሞክስ-ቡት-ቱል ከርነል ፒን» የፈለጋችሁትን ቁጥር ታስሩታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በእሱ ይነሳል። «ኔክስት-ቡት» የሚለውን ካከላችሁበት ደግሞ ትእዛዙ ለሚቀጥለው መነሳት ብቻ ይሆናል። አዲሱን አንድ ጊዜ ለመሞከር ደስ የሚል መንገድ ነው።

ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሜኑውን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ሰርቨሩ ዳታ ሴንተር ውስጥ ወይም ሌላ ከተማ ከሆነ፣ እንደ አይድራክ ወይም አይኤልኦ ያለው የርቀት መቆጣጠሪያ እንደሚሠራ ሳትሞክሩ እንዳትጀምሩ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሥራ ለቆ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ አዲሱ ከርነል አዲስ ዜድኤፍኤስ ይዞ ከመጣ «ዚፑል አፕግሬድ» የምትለውን ትእዛዝ ለማዘዝ አትቸኩሉ። አዲሶቹ ችሎታዎች አንዴ ከተከፈቱ አሮጌው ከርነል ዲስኩን መክፈት ሊያቅተው ይችላል። ወደ ኋላ የምትመለሱበትን ድልድይ በገዛ እጃችሁ ሰበራችሁት ማለት ነው። ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ምንም አይጎድልባችሁም።

«ፒን አድርጌዋለሁ፤ ከእንግዲህ ሰላም ነኝ»

ፒን ማስታገሻ ነው። አፕዴቱ በየጊዜው ይወርዳል፣ የደህንነት ጥገናው ዲስክ ላይ ይከመራል፣ ማሽኑ ግን በየሪስታርቱ ያንኑ የታሰረውን አሮጌ ያነሳል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር አዲስ ይመስላል። ፒን ያደረጋችሁበትን ቀንና ምክንያት ጻፉ። ችግሩ ሲፈታ «ከርነል አንፒን» በሉት።

አማራጩን ጭኖ መርሳትም ከዚህ አይሻልም። 6.11 በኖቬምበር 2024 ከ8.3 ጋር በአማራጭነት ቀረበ፤ ከአምስት ወር በኋላ 6.14 ቦታውን ያዘ። 6.11ን የጫነ ሰው ግን በአፕዴት ብቻ ወደ 6.14 አይሸጋገርም። ፓኬጁ የሚከተለው የራሱን ተከታታይ ብቻ ነው። አማራጭ መንገድ የመረጠ ሰው ቀጣዩንም ራሱ መምረጥ አለበት።

«ክላስተር ከሆነ ሁሉንም በአንድ ሌሊት መቀየር ግድ ነው»

ግድ አይደለም፤ እንዲያውም ባታደርጉት ይሻላል። ክላስተር አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ ነው፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ኖድ ይባላል። አንዱን ኖድ ባዶ አድርጉ። ቨርቹዋል ማሽኖቹ ሳይጠፉ ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ፤ ኮንቴይነሮቹ ግን ጠፍተው ነው የሚነሱትና ለተጠቃሚው ቀድማችሁ ንገሩ። ኖዱን ሪስታርት አድርጉና ጥቂት ቀን ቀላል ሥራ ይዞ ይቆይ። ቨርቹዋል ማሽንን አሮጌ ከርነል ካለው ኖድ አዲስ ወዳለው ማዛወር የተለመደው አቅጣጫ ነው። ከአዲሱ ወደ አሮጌው መመለሱን ግን እንደ ዋስትና አትያዙት፤ በተለይ የቨርቹዋል ማሽኑ ሲፒዩ ዓይነት «ሆስት» (የሰርቨሩን ፕሮሰሰር እንዳለ የሚያሳየው) ተብሎ ከተሞላ። የመጀመሪያው ኖድ ደህና ከሆነ ወደ ሁለተኛው ሂዱ።

ያ የሐምሌው ሰርቨር አሁን 6.14 ላይ ነው። የቀየርነው እሑድ ጠዋት ነው። ካርዱ ቋሚ ስም አለው፣ ዩፒኤሱ አዲስ ባትሪ ገብቶለታል። የዚያን ቀን «ዩኔም -አር» ያወጣውን ቁጥርና ቀኑን በማርከር ጽፌ የሰርቨሩ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።