«ሞቅ ብሎኛል እንጂ አልሰከርኩም»፦ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫትና ስለ ማሽከርከር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አማርኛ ሞቅታን ከስካር ይለያል። ሞቅ ያለው ይጫወታል፣ ይቀልዳል፤ የሰከረው ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ከግሮሰሪ ወጥቶ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ የሚፈልግ ሰው «ሞቅ ብሎኛል እንጂ አልሰከርኩም» ሲል ግን በዚህ ልዩነት ራሱን እያታለለ ነው። አልኮል ቀድሞ የሚነካው እግርንና ምላስን ሳይሆን ማመዛዘንን፣ ርቀትንና ፍጥነትን መገመትን፣ ትኩረትን ለሁለት ነገር ማካፈልን ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ገና ሳይንገዳገድ ፍርዱ ተዛብቷል፣ «ደህና ነኝ» የሚለውም በዚሁ በተዛባ ፍርድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሽከርካሪዎች የሚመክረው ጣሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.05 ግራም አልኮል ሲሆን፣ ለጀማሪዎች ወደ 0.02 ዝቅ ይላል፤ በዚህ መጠን ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሰከረ አይመስልም።

«ሃያ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ» የሚለውን መልስ ለመመርመር ቀላል ስሌት ይበቃል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ፍሬን ለመርገጥ በግማሽ ሰከንድ የዘገየ ሹፌር፣ ልምዱ ምንም ያህል ቢሆን፣ 8 ሜትር ጨምሮ ይቆማል። ከዜብራው በፊት ሊቆም የሚችል የነበረው መኪና ዜብራውን አልፎ ቆመ ማለት ነው።

ጠላና ጠጅ «የቤት መጠጥ» ስለሆኑ ጉዳት የላቸውም የሚለው አስተሳሰብ በተለይ በበዓል ሰሞን ይሰማል። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ 40 በመቶ የሚደርስ አረቄ ደግሞ ያንኑ ያህል ለመስጠት 40 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ትንሽ መለኪያ፣ ይበቃዋል። ቢራው ቢያንስ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፎበታል። የጠላ ጥንካሬ ግን ከቤት ቤት ይለያያል፣ ፊልተር ጠላ ከተራው ይጠነክራል፣ ጠጅም በጣፋጭነቱ ኃይሉን ይደብቃል፤ ጠጪው ስንት እንደጠጣ በብርሌ ሊቆጥር ይችላል፣ ምን ያህል አልኮል እንደወሰደ ግን አያውቅም።

«ቡና ጠጥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ እነዳለሁ» የማይባልበት ድግስ ያለ አይመስለኝም። ቡና እንቅልፍን ይገፋ ይሆናል፤ አልኮልን በዋናነት የሚያስወግደው ጉበት ግን በእኛ ችኮላ አይፈጥንም። 70 ኪሎ የሚመዝን ጤናማ ወንድ በሰዓት በአማካይ 7 ግራም ያህል ያስወግዳል፤ አንዱ ጠርሙስ ቢራ ብቻውን ወደ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል ማለት ነው። ይህ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት 7 ጠርሙስ ቢጠጣ፣ ደሙ ከአልኮል የሚጠራው በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነው። ተኝቶ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ቁርሱን ቀምሶ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሲወስድ የጠጣሁት ትናንት ነው ይላል፤ አልኮሉ ግን ገና ደሙ ውስጥ አለ። የሴቶች ሰውነት በአማካይ የሚይዘው ውኃ አነስተኛ በመሆኑ በእኩል መጠን የጠጣች ሴት ደም ውስጥ ያለው ክምችት ይበልጣል።

ጥሬ ሥጋ በልቶ መጠጣትም አያድንም። ምግብ አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ አልኮሉን ግን አያጠፋውም።

ወደ ጫት ስንመጣ ስህተቱ ይወሳሰባል። ሌሊቱን የሚነዳ ሹፌር «ጫት መድኃኒቴ ነው» ይላል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ስለሆነ በእርግጥም ያነቃዋል። ነገር ግን እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ ዕዳውን አይከፍልም። በምርቃናው ሰዓት የራስ መተማመኑ ከልክ ያልፋል፤ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድካሙና ብስጭቱ ተደራርበው ይመጣሉ፣ ያም ብዙውን ጊዜ መንገዱ ገና ሳያልቅ ነው። (ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ስለሚዳከም፣ ከአወዳይ የሚነሳው ጭነት ራሱ ሹፌሩን ያጣድፈዋል።) ከሁሉም የከፋው ግን ጨብሲ ነው፦ ምርቃናውን ለመስበር ተብሎ የሚጠጣው ቢራ። ሰውየው አንዱ ሌላውን ያስተካክለዋል ብሎ ያምናል፤ እውነታው ግን አነቃቂው የስካሩን ስሜት መሸፈኑ ብቻ ነው፣ በደም ውስጥ ያለው አልኮል በአንዲት ግራም አይቀንስም። «ሕጋዊ ነው» የሚለውም መከራከሪያ በውጭ ለሚኖር ወገን አይሠራም፤ ብሪታንያ ጫትን በ2014 እ.ኤ.አ. አግዳለች፣ በአሜሪካም ካቲኖን ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው።

ማስቲካና ቅርንፉድ የትንፋሽ መለኪያውን አያታልሉም፤ መሣሪያው የሚለካው ከደም ወደ ሳንባ የተሻገረውን አልኮል እንጂ የአፍን ሽታ አይደለም። ጫትን ግን አይለይም፣ አንዳንድ ሹፌሮችም በመለኪያው አለመያዛቸውን የደህንነት ማረጋገጫ አድርገው ይቆጥሩታል።

በመጨረሻም «ሐኪም ያዘዘው ነው» የሚለው አለ። ለአለርጂና ለጉንፋን የሚሰጡ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ መድኃኒቶች፣ ለጭንቀት የሚታዘዘው ዳያዜፓም፣ እንዲሁም ለሕመም ማስታገሻ የሚታዘዘው ትራማዶል እንቅልፍና መፍዘዝ ያመጣሉ፤ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ጋር ሲጣመሩም ውጤታቸው ይበረታል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲያዝ ታማሚው በማግስቱ ሚኒባስ ይዞ እንደሚወጣ ላያውቅ ይችላል።