ፍሬ የሚያፈራ የፕሪም ቦንሳይ፦ አያያዙና የማዳቀል ጥበቡ

ፕሪምን በትንሽ ሸክላ ተክሎ ለአሥርተ ዓመታት ማቆየት፣ አበባውን ማየት፣ ፍሬውንም ለቅሞ መብላት ይቻላል። ይሁንና በቦንሳይነት፣ ማለትም በሸክላ ውስጥ አጥረው ቅርጽ እንዲይዙ ተደርገው ከሚያዙት ዛፎች መካከል ፕሪም የአሳዳጊውን ትዕግሥት አብዝቶ ይፈትናል። ዛፉ በአብዛኛው የሚያብበው ባለፈው ዓመትና ከዚያ በፊት በበቀሉ አጫጭር ቀንበጦች ላይ ነው፤ ቦንሳይ ደግሞ ቅርንጫፉ ሁልጊዜ አጭርና ለግንዱ የቀረበ እንዲሆን ይፈልጋል። ያለ ልክ ሲገረዝ አበባው ይቀራል፤ ለአበባው ተብሎ ሲተው ቅርንጫፉ እየረዘመ ሄዶ ግንዱ አጠገብ ያለው እንጨት ይራቆታል። ከተራቆተ አሮጌ እንጨት ደግሞ አዲስ ቀንበጥ በቀላሉ አይወጣም። ማዳቀል፣ ማለትም ቀንበጥን ወይም ዓይንን በግንድ ላይ አጋጥሞ እንዲይዝ ማድረግ፣ የዚህ ዛፍ አያያዝ ዋና ክፍል የሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ኮክ፣ አፕሪኮት፣ ቼሪና አልሞንድ ሁሉም ከፕሪም ጋር ፕሩነስ በተባለው ወገን ይመደባሉ። ለቦንሳይ የሚሆነውን ዝርያ ለመምረጥ ግን የፍሬው ጣዕም ብቻ አይበቃም። በሸክላ ውስጥ የሚያድግ ዛፍ ቅጠሉ በግርዛትና በሥሩ መጥበብ ያንሳል፤ ፍሬው ግን መጠኑን እንደያዘ ይቀራል። የአውሮፓው ፕሩነስ ዶሜስቲካም ሆነ ከቻይና የመነጨው ፕሩነስ ሳሊሲና ክንድ በማታህል ዛፍ ላይ ትልቅ ፍሬ ሲያንጠለጥሉ መልኩን ያፈርሳሉ፤ ቅርንጫፉንም ያጎብጣሉ። በእኔ ግምት ለጀማሪ የሚሻለው ፍሬው ከቼሪ ብዙም የማይበልጠው ፕሩነስ ሴራሲፌራ ነው። ጠንካራ ነው፤ ቀድሞ ያብባል፤ ሌሎች የፕሪም ዓይነቶችም ብዙ ጊዜ የሚዳቀሉት በእሱ ላይ ነው። እሾሃማው ፕሩነስ ስፒኖሳም በአውሮፓ አሳዳጊዎች ዘንድ ይወደዳል፤ ቅጠሉ ደቃቅ፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ጥቁር ሰማያዊና አፍ የሚያኮማትር ነው።

በምሥራቅ እስያ ግን የሸክላ ፕሪም ሲባል ዋናው ኡሜ፣ ማለትም ፕሩነስ ሙሜ ነው። በዝምድና ከፕሪም ይልቅ ለአፕሪኮት የቀረበ ሲሆን፣ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ ያብባል። የጃፓኑ ባለሥልጣንና ባለቅኔ ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ (845–903) ለዚህ ዛፍ በነበረው ፍቅር ይታወሳል፤ በስሙ በተሠሩት ቤተ መቅደሶችም ኡሜ ይተከላል። በሺጋ ግዛት በምትገኘው ናጋሃማ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በየዓመቱ በብርዱ ማብቂያ የሸክላ ኡሜ ትርኢት ይካሄዳል። እዚያ ከሚቀርቡት መካከል ከሰው ቁመት የሚበልጡ፣ ዕድሜያቸውም በመቶ ዓመታት እንደሚቆጠር የሚነገርላቸው ዛፎች አሉ። የብዙዎቹ ግንድ ውስጡ በስብሶ ባዶ ሆኗል፤ ዛፉን የሚመግበው በአንድ ጎን የቀረው የቅርፊት ሰቅ ነው። የኡሜ ቁስል በቀላሉ አይገጥምም፤ ጃፓናውያን አሳዳጊዎች ይህን ድክመት የእርጅና ውበት አድርገው ተቀብለውታል።

ተቃዋሚም አልጠፋም። ቻይናዊው ጸሐፊ ጎንግ ዚጄን እ.ኤ.አ. በ1839 በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ ለሰዎች ምርጫ ሲባል ሆን ተብለው የተጣመሙና የተቆራረጡ 300 የሸክላ ኡሜዎችን እንደገዛ ይተርካል። አንዱም ጤነኛ አልነበረም። ሸክላውን ሰባብሮ፣ ማሰሪያውን ፈትቶ መሬት ላይ ተከላቸው። ጽሑፉ የሚነቅፈው የሰውን ችሎታ የሚያጣምመውን የዘመኑን ሥርዓት ነው፤ ቢሆንም ዛፍ ለሚያሳድግ ሰውም ቀጥተኛ ትምህርት አለው። በወቅቱ ሳይፈታ ቅርፊት ውስጥ የሰመጠ ሽቦ ዛፉን ማሠቃየት እንጂ ማሳመር አይደለም።

አበባና ቅርጽን የሚያስታርቀው የመጀመሪያ ችሎታ ዓይኖቹን፣ ማለትም አበባና ቅጠል የሚወጣባቸውን እንቡጦች፣ ለይቶ ማወቅ ነው። ቅጠሉ በረገፈ ቀንበጥ ላይ ሁለት ዓይነት ዓይን ይታያል፤ ድቡልቡልና ወፈር ያለው የአበባ፣ ቀጠን ብሎ ጫፉ የሾለው የቅጠል ነው። በአንዳንዱ አንጓ ላይ አንድ የቅጠል ዓይን በሁለት የአበባ ዓይኖች መካከል ይቀመጣል፤ በሌላው አንጓ ላይ የአበባ ብቻ ይኖራል። መቀሱ የቅጠል ዓይን በሌለበት ካሳጠረው ቀንበጡ አብቦ ይደርቃል፤ ቅርንጫፉም በዚያው ይጠፋል። ስለዚህ ኡሜን የሚያውቁ ሰዎች አበባው እንዳለፈ በእያንዳንዱ ቀንበጥ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የቅጠል ዓይን አስቀርተው ይገርዛሉ። ፍሬ የሚፈለግበት ቀንበጥ ግን ፍሬው መያዙ እስኪታወቅ ይቆያል። የሚመጣው ዓመት አበባ የሚጸነሰው በሞቃቱ ወቅት አጋማሽ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ከባድ ግርዛት የቀጣዩን ዓመት ፍሬ አብሮ ይጥላል።

ወደ ማዳቀል ስንመጣ፣ የተለመደው ምክንያት ከፍሬ ዘር የበቀለ ፕሪም እናቱን አለመምሰሉ ነው። የተፈለገውን ዓይነት ለማግኘት ከዚያው ዛፍ ቀንበጥ ተወስዶ ሌላ ሥር ባለው ግንድ ላይ ይዳቀላል። ለቦንሳይ ደግሞ ተቀባዩ ግንድ ያማረ የሥር አወጣጥ ሊኖረው ይገባል፤ ዛፉን የሚያሳጥር ዝርያ መሆኑ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ሸክላው ራሱ ያሳጥረዋል። ፕሪም በፕሪም ላይ፣ ኡሜም በፕሪምና በአፕሪኮት ላይ ብዙ ጊዜ ይይዛል፤ ፕሪምን በኮክ ላይ ማዳቀል እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ በቼሪ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። መጋጠሚያው በተቻለ መጠን ወደ አፈሩ መውረድ አለበት፤ ከፍ ካለ የሁለቱ ቅርፊት ልዩነት ዕድሜ ልኩን ይታያል።

ቀንበጡ የሚቆረጠው ዛፉ በብርዱ እንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ከረጢት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል፤ ከበሰለ ፍራፍሬ ጋር ግን አይቀመጥም፤ ከፍሬው የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ዓይኖቹን ይጎዳል። የተቀባዩ ግንድ ፈሳሽ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ሁለት ሦስት ዓይን ያለው ቀንበጥ በስለታም ቢላ በሰያፍ ተቆርጦ ይጋጠማል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ካምቢየም የተባለ ቀጭን ሽፋን ቢያንስ በአንድ ጎን ከተቀባዩ ካምቢየም ጋር መነካካት አለበት። ቀንበጡ ከግንዱ ከቀጠነ መሐል ላይ መሰካት ስህተት ነው፤ ወደ አንዱ ጠርዝ መጠጋት ይኖርበታል። ከዚያ አየር እንዳያደርቀው በሚለጠጥ ላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። በሞቃቱ ወቅት ማገባደጃ ደግሞ አንድ ዓይን ብቻ ከጥቂት እንጨት ጋር ተፍቆ ይዳቀላል፤ ባይዝ እንኳ ግንዱ ላይ የሚቀረው ቁስል ትንሽ ነው።

ቦንሳይ አሳዳጊዎች አብልጠው የሚወዱት ቀንበጡን ከእናቱ ሳይለዩ ማዳቀልን ነው። የዛፉ የራሱ ረጅም ቀንበጥ ታጥፎ በተራቆተው የግንድ ክፍል ላይ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ይታሰራል፤ ወይም ግንዱ በመሰርሰሪያ ተበስቶ ቀንበጡ በቀዳዳው ያልፋል። ሥሩ እየመገበው ስለሚቆይ በድርቀት የመሞት አደጋ የለበትም። መያዙ የሚታወቀው ከመጋጠሚያው ወዲያ ያለው ክፍል ከወዲህኛው ሲወፍር ነው። አዲሱን ክፍል ግንዱ ራሱ መመገብ ጀምሯል ማለት ነው፤ ያኔ የኋላው ጫፍ ይቆረጣል። ቅርንጫፍ በጠፋበት ቦታ ቅርንጫፍ መመለስ የሚቻለው እንዲህ ነው፤ ከዚህ የሚልቅ ደስታ የሚሰጥ ሥራ በዚህ ጥበብ ውስጥ አላውቅም።

ፍሬ ለማግኘት ርክበ ብናኝ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የፕሩነስ ሳሊሲና ዓይነቶች በራሳቸው ብናኝ አያፈሩም፤ ከአውሮፓዎቹ እንደ ቪክቶሪያ ያሉት ግን ያፈራሉ። ብቻውን የማያፈራ ዛፍ ካለ፣ በአንድ ቅርንጫፉ ላይ አብሮት የሚያብብ ሌላ ዓይነት ማዳቀል ሁነኛ መፍትሔ ነው። ንብ በማይወጣበት ብርድ አበቦቹን በለስላሳ ብሩሽ መነካካት ይጠቅማል። ከያዘው ፍሬ አብዛኛው ገና ጨቅላ ሳለ መነሳት አለበት፤ በትንሽ ዛፍ ላይ ጥቂት ፍሬ ይበቃል፤ የደከመ ዛፍ ደግሞ ለአንድ ዓመት ያለ ፍሬ ማረፍ አለበት። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ፍሬው ሳይያዝ ከተሰጠ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ቀንበጥ ይሄዳል። ፍሬው በሚያብጥበት ጊዜ የአንድ ቀን ውኃ ጥም እንኳ ያረግፈዋል። አፈሩ ውኃ የሚያሳልፍ፣ እንደ አካዳማ (ጠጠር መሰል የጃፓን ሸክላ አፈር) ወይም ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ያለበት ይሁን። ዛፉን ቤት ውስጥ ማኖር አይገባም፤ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ በቂ ጊዜ ካላሳለፈ በቅጡ አያብብም።

ከተባዮች ክሽክሽ አዲሱን ቅጠል ይጠቀልላል። ሸክላ ሲቀየር ሥሩ ላይ እብጠት ከታየ አግሮባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን የፕሪም ፈንጣጣ ቫይረስ ነው፤ በክሽክሽ ይተላለፋል፤ በሚዳቀል ቀንበጥም አብሮ ይሄዳል፤ መድኃኒትም የለውም። በቶኪዮ ግዛት በኦሜ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተገኘ በኋላ፣ በአበባው ዝነኛ የነበረው የከተማዋ የኡሜ መናፈሻ ዛፎች በ2014 ሁሉም ተቆርጠዋል። እንደገና መትከል የተቻለው ከ2 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ቀንበጥ መወሰድ ያለበት ጤንነቱ ከታወቀ ዛፍ ብቻ ነው፤ ቢላውና መቀሱም ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲታለፍ በአልኮል ይጠረጋል።